ከሰኞ እስከ ሐሙስ የተደበቀው ወረቀት

በከተማችን ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች አክስት አለችኝ። በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ «እትዬ ሦስት ቀን» ይላታል። ድሮ እየሳቁ፣ እየወደዷት ነበር የሚሏት። ዛሬ አፋቸውን አጣመው ነው። እነሱ አፋቸውን ባጣመሙ ቁጥር የኔ ደም ይፈላል፤ ለምን እንደሚፈላ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከሥራዋ ነው። ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት አጀንዳውና አብረውት ያሉት ወረቀቶች በሙሉ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብለው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለባቸው። ደንብ ነው። ሕዝብ ሳያየው የተወሰነ ነገር አይጸናም፤ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ማስረጃ ያመጣ ሰው ያሰርዘዋል። ይኼ ደንብ ሳይመጣ በፊት አክስቴ ወረቀቱን በሙጫ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትለጥፍ ነበር። ዝናብ ያጥበዋል፣ ንፋስ ይገነጥለዋል፣ ነገሩ ያልጣመው ሰው ደግሞ ቀድዶ ኪሱ ይከትተዋል። ድረ ገጹ ሲመጣ እንደ እሷ የተደሰተ አልነበረም። «እስቲ ከእንግዲህ ይቅደዱታ!» ትል ነበር።

አንድ ጊዜ አፈ ጉባኤው ራሳቸው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዘው ቢሮዋ ገቡ። ስብሰባው በማግስቱ ሐሙስ ነው።

«እባክሽ ይቺን ጣል አድርጊያትና ቀኑን ሰኞ በይው» አሏት።

«ሰኞ እኮ አልፏል ጌታዬ።»

«ማለፉን እኔም አውቃለሁ።»

«እርስዎም ካወቁ፣ እኔም ካወቅኩ፣ የምንዋሸው ለማን ነው?» አለቻቸው አክስቴ። «ሦስት ቀን ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያምጡት።»

አፈ ጉባኤው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ደረጃውን ወረደና ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ ሦስት ቀን» ሆና ቀረች።

ወረቀቱን ከጫነች በኋላም የራሷን ኮምፒውተር አታምንም ነበር። በሷ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ለሕዝብ የወጣውም፣ የተደበቀውም። ልዩነቱ ከርዕሱ ጎን የምትቀመጥ፣ የዝንብ ጭንቅላት የምታህል ግራጫ ምልክት ብቻ ናት። ስለዚህ መስኮቷን ከፍታ ታች በሩ ላይ የተቀመጠውን ጥበቃ ትጠራዋለች። «ወጥቷል?» ትለዋለች። ጥበቃው በራሱ ስልክ ከፍቶ «ወጥቷል እትዬ!» ይላል። «ስንት ገጽ ነው?» «ዘጠኝ!» ሲላት ብቻ መስኮቱን ትዘጋለች። መንገደኛው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁለት ጊዜ ሊያገቧት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ልጁን ዘመድ ዘንድ እንድትተወው ጠየቋት፣ ሁለቱንም በመጡበት እግራቸው መለሰቻቸው። አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ትምህርቱ አልሆን ሲለው የልብስ ስፌት ሙያ አስያዘችው፣ የመጀመሪያውን የስፌት መኪና ገዛችለት። አባቴ ዛሬም በአውቶቡስ ጣቢያው ግንብ ተደግፈው ከቆሙት ሠላሳ አንድ ሱቆች በአንዱ ይሰፋል። ቦታውን «ረድፉ» እንለዋለን፤ ጫማ ሰፊ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ቁልፍ ቀራጭ፣ ልብስ ሰፊ ተደርድሮበታል። የረድፉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አባቴ ነው። ምላሱ ከመቀሱ ይበልጥ ይቆርጣል ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አክስቴ ዓይኗን ታመመችና ቀዶ ጥገና አደረገች። ዓይኗ ለአሥር ቀን ታስሮ ቤት ተኛች። ሐኪሙ ዕረፍት አለ፣ ቢሮውም ዕረፍት ሰጣት፤ እሷ ግን በመካከል ስብሰባ አለና አጀንዳው መውጣት አለበት ብላ ሞተች። ቢሮ ውስጥ ከሷ ሌላ የሚያውቀው የለም። በመጨረሻ የይለፍ ቃሏን ለአባቴ ነገረችው። እሱ በኔ ስልክ ከፍቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ እሷ በታሰረ ዓይን ጣሪያውን እያየች «አሁን የቱን ነው የምታየው? እሱን ንካ። አይደለም፣ እሱ መደበቂያው ነው፤ ስህተት ሲገኝ የምንሰውርበት ነው፣ እሱን ተወው» እያለች መራችው። ሲጨርሱ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ብላ እጁን ሳመችው። ታላቅ የታናሽ እጅ ስትስም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ከዚያ በኋላም አልቀየረችውም። ከወንድሟ ምን ትደብቃለች?

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉትን ተረት እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልምጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አክስቴ ለሐሙስ አራት ሰዓት ስብሰባ አምስት አጀንዳዎችን ጫነች። አራተኛው «የአውቶቡስ ጣቢያውን ማስፋፊያ ይመለከታል» ይላል። ርዕሱን ብቻ ላየ ሰው ምንም አይነግረውም። ከሥሩ ያለው አሥራ ሁለት ገጽ ግን ይናገራል፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ ረድፉ እንደሚፈርስ፣ ባለሱቆቹም ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባዶ ሜዳ እንደሚዛወሩ ተጽፏል። እዚያ ሜዳ ላይ ሱሪ አሳጥሩልኝ የሚል ሰው ቀርቶ የሚያልፍ ውሻ የለም። አክስቴ መስኮቷን ከፈተች፣ ጥበቃው «አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸላት፣ ዘጋችው።

እሷ ወረቀት ሳይወጣ በፊት ስለ ይዘቱ ለማንም አትናገርም ነበር። ከወጣ በኋላ ግን የሁሉም ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ ሄደች።

«አራተኛውን አንብበው» አለችው። «ሰባተኛው ገጽ ላይ እናንተ አላችሁ። ሰዉን ሰብስብና ሐሙስ ከነአቤቱታችሁ ኑ።»

«እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ» አላት አባቴ።

ይኼን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ እኔ የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኙ ከስብሰባ በፊት ድረ ገጹን የማየት ልማድ አለው፤ ማክሰኞ ሲከፍተው አራተኛው አጀንዳ ርዕሱ እንጂ ወረቀቱ የለም። ረቡዕም የለም። አባቴን ጠየቀው። «እህቴን ጠይቄያታለሁ፤ የአስፋልት ነገር ነው አለችኝ፣ እኛን አይነካንም» አለው አባቴ። ሐሙስ ከረድፉ አንድ ሰው እንኳ ስብሰባው ላይ አልተገኘም። አራተኛው አጀንዳ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተወስኖ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ጠጋኙ ድረ ገጹን ሲከፍተው አሥራ ሁለቱም ገጽ ቁጭ ብለዋል፤ ከላዩም «ሰኞ ጠዋት ወጣ» ይላል።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ረድፉ በሙሉ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ያየውን ተናገረ። ቁልፍ ቀራጩ «ሐሙስ ጭና ሰኞ ብላ ጻፈችዋ! ሦስት ቀኗ ይኸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሱቁ ወጣ።

«ምን እላችኋለሁ?» አለ። «አስፋልት ነው ብላኛለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እህቴ ስለሆነች አንገቴን ደፍቻለሁ።»

ብሎም አለቀሰ። እንባውን አይቻለሁ፤ የውሸት አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ምናልባት ለሷ ነበር የሚያለቅሰው፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

አክስቴ ከሁለት በኩል ተያዘች። ቢሮው ውስጥ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «ድረ ገጹ ሰኞ ይላል፣ ሰኞ ነው፤ በሕጉ መሠረት አልቋል። አንቺም ነገር አታንሺ» አላት። በረድፉ በኩል ደግሞ ሆድ አደር ተባለች። ሰኞ በእጇ እንደጫነችው ታውቃለች፣ ማክሰኞና ረቡዕ እንዳልነበረ ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኙ ይምላል፤ ሰውየው አይዋሽም። ለአባቴ መንገሯን ተናገረች፤ ማን ይመናት? «ጥበቃው አይቷል» አለች፤ «የልብ ወዳጅሽ አይደል?» አሏት። ጫማዋን ልታሰፋ ብትሄድ ጫማ ሰፊው ዞር ብሎ ሳያያት «ሦስት ቀን ይቆያል» አላት። የተሰበሰበው ሳቀ። በተላቀቀ ሶል እየተጎተተች ቤቷ ገባች አሉኝ። አሉኝ የምለው እኔ አልነበርኩም፤ እኔ አምስት ሳምንት ተኩል ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም። አባቴ ያለውን አምኛለሁ። ማንም አላስገደደኝም።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። የድረ ገጹን የለውጥ መዝገብ፣ ማለትም ማን በስንት ሰዓት ምን እንደነካ የሚያሳየውን፣ መክፈት የሚችሉት በላይኛው መሥሪያ ቤት ያሉ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም። ደግማ ጻፈች። «በኃላፊሽ በኩል ይምጣ» አሏት። ኃላፊው አልፈርምም አለ። በመጨረሻ ራሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደችና አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ቢሮ በር ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመች። ባለሙያዋ ሰለቻት መሰለኝ፣ አተመችና ሰጠቻት።

ይኼ ውሳኔው በተሰጠ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ነው። በማግስቱ አክስቴ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባች። ከስታለች። ባንኮኒው ፊት ቆማ እንደማታውቀኝ ሰው «የዓይን ጠብታ አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጠብታውን አውጥቼ አስቀመጥኩላት። እሷ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጎኑ ዘረጋችው።

«ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። አራተኛው አጀንዳ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሃያ ለሕዝብ ወጣ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ተደበቀ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ተመልሶ ወጣ። መደበቁም መመለሱም በአክስቴ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ሁለቱም ከስልክ ነው።

«የስልኩን ዓይነት ደግሞ አንብቢው» አለች።

አነበብኩት። ትምህርቴን ስጨርስ እሷ ራሷ የገዛችልኝ ስልክ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ነበር። የሷ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ አያውቅም።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም! አክስቴ ሙች፣ እኔ አይደለሁም!»

«እሺ» አለች። ወዲያው አመነችኝ። ወረቀቷን አጥፋ እያስገባች ቀስ ብላ «እኔ ጠየቅኩሽ» አለች። «አንቺ ግን እኔን አልጠየቅሽኝም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰኞ ምሳ በልቼ ሩብ ሰዓት ጋደም ስል ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነበር፤ አባቴ «ረሳሁት» ያለውን መቀስ ሊወስድ ቤት ብቅ ብሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ «ክር አከፋፋዩ ጋ ልደውል» ብሎ ስልኬን ተውሶኛል። ይኼን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ያን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ከሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አክስቴ አላለቀሰችም። የጠብታውን ጠርሙስ አንስታ መለያውን የምታነብ መሰለች፤ ገልብጣ ነበር የያዘችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ደንቡ ለማንም አትስጡ ይላል።»

«እንዴት ያንቺ ይሆናል?»

«አደራው የተሰጠው ለኔ ነዋ። መዝገቡን አቀርባለሁ፤ ረድፉ ይድናል፣ ቀኑ አላለፈም። የወንድሜን ስም ግን በእጄ አልጽፍም። አሳድጌዋለሁ፤ እጄ አይታዘዝልኝም። ከፈለገ ራሱ ይናገር።»

«ባይናገርስ? ሰዉ ሁሉ አንቺ ነሽ ብሎ ይቀራል እኮ!»

«ይቀራላ።»

«እኔ እናገራለሁ» አልኳት። «ስልኬን ይዤ እዚያው አዳራሹ ውስጥ እቆማለሁ።»

«ቃል አትግቢ።»

«ገባሁ! እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ!»

«ተይ ልጄ» አለች፤ ፊቷ ግን በራ። አምስት ሳምንት ብቻዋን የከረመች ሴት ፊት ሲበራ አየሁ። እኔ ነኝ ያበራሁት።

በዚያው ቀን ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ሱሪ እያሳጠረ ነበር። መዝገቡን ስነግረው የመኪናውን መርገጫ ተወ፣ አልካደም። እንዲያውም የተገላገለ መሰለ።

«ረድፉ እንደሆነ መፍረሱ አይቀርም ነበር» አለ። «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስቀድሞ ጠርቶኝ ነገሩ ያለ ጫጫታ ካለፈ በአዲሱ ሕንፃ የመግቢያው ሱቅ ያንተ ነው አለኝ። ሁላችንም ከምንጠፋ አንድ ሰው ቢተርፍ ምን አለበት? ለማን ብዬ ነው? ለናንተ ነው።»

«አክስቴስ?»

«እሷ ምን ትሆናለች? ደሞዝተኛ ናት፣ ጡረታዋ ደርሷል። ልጅ የላት፣ ባል የላት።»

«አንተስ ምኗ ነህ?» አልኩት።

አባቴ የሚሰፋውን ሱሪ አየው። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እሺ፣ ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። አሁን ተይኝ» አለ። አመንኩት። ለሁለተኛ ጊዜ አመንኩት፤ አያችሁ ሞኝነቴን?

አክስቴ ማመልከቻዋን ከመዝገቡ ጋር በአርባ አንደኛው ቀን አስገባች። ራሷ አጀንዳ አስያዘችው፣ ራሷ በድረ ገጹ አወጣችው፣ ሦስት ቀን ቆየ። ሬዲዮ ጠጋኙ አነበበና ለረድፉ አነበበላቸው። የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆመ። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ከአፈ ጉባኤው ጎን ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። አባቴ ከፊት ከኮሚቴው ጋር ነው። እኔና እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ነን።

እናቴ ያን ዕለት ጠዋት ነገሩን ሁሉ ከአባቴ ሰምታ ነበር። ጫማዬን ሳስር መጥታ ከፊቴ ቆመች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። «እሱ ይናገር፣ የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን ቤቴን እንዳታፈርሺው።» እኔም «ይናገራል፣ ነግሮኛል» አልኳት።

አፈ ጉባኤው የአክስቴን ማመልከቻ ጮክ ብለው አነበቡ። «ወረቀቱ ለሕዝብ መታየት ከነበረበት ሦስት ቀን ለሕዝብ የታየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የተደበቀው በስሜና በይለፍ ቃሌ ነው። የይለፍ ቃሌን በአግባቡ ባለመጠበቄ ተጠያቂ ነኝ።» አዳራሹ ተናወጠ። «አመነች! አመነች!» አለ ቁልፍ ቀራጩ። እሱ እንዲያ ሲል ሌላው ሁሉ እንዲያ ሰማ። ደንቡ ግልጽ ነውና ክርክር አልነበረም፤ ውሳኔው ተሰረዘ። ሰዉ ተቃቀፈ፣ ጫማ ሰፊው ወንበር ላይ ወጣ። ከሠላሳ አንዱ ሱቅ አንድም አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆመዋል።

ከዚያ አባቴ እጁን አወጣ። አሁን ነው አልኩ። አክስቴም እንደኔ ያለች ይመስለኛል፤ ብዕሯን አቁማ ቀና አለች።

«በረድፉ ስም ምክር ቤቱን አመሰግናለሁ» አለ አባቴ። ድምፁ ያምር ነበር። «እህቴ ናት። ያሳደገችኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ ናት። ግን ሕዝብ ከእህት ይበልጣል! ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሊያፈስ የነበረ እጅ ነገም የሕዝብን ወረቀት መያዝ የለበትም። ከዚህ ሥራ ትነሣልን!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። ቆመው አጨበጨቡለት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆመ፣ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። አክስቴ ትጽፋለች። ሥራዋ ነውና ወንድሟ ያለውን ቃል በቃል ትጽፋለች። በመስኮት ከቆሙት መካከል ጥበቃው ብቻ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት።

አፈ ጉባኤው ሰዉን ዝም አሰኙና «ሌላ አስተያየት ያለው አለ?» አሉ።

አክስቴ ቀና ብላ አዳራሹን አላየችም። ቀጥታ እኔን አየችኝ። ስልኩ በእጄ ነው። የእናቴ ጣቶች ጉልበቴ ላይ ናቸው፤ ጠንካራ ጣቶች ናቸው። አባቴ ከፊት ወደኔ ዞሮ በፈገግታ ያየኛል፤ እንደዚያ ሲያየኝ የልጅነቴን ቀሚስ እየለካ የሚያጫውተኝ አባቴ ነው። ብዙ አስቤ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላሰብኩም። ፈራሁ፣ ያ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ወደኔ እንዳይዞር ፈራሁ።

«የለም?» አሉ አፈ ጉባኤው ደግመው።

አክስቴ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። ጸሐፊ መጠበቅ ከሚገባት በላይ ጠበቀች። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሆነ ሰው የደወለልኝ ይመስል ስልኬን አየሁ።

ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ድረ ገጹ ላይ ወጣ። በእጇ የጫነችው የመጨረሻ ወረቀት ነው፤ በሳምንቱ ከሥራ አሰናበቷት። ከፍቼ አነበብኩት። የአባቴ ንግግር አንድ ቃል ሳይጎድል አለ። ከሥሩ በሷ አጻጻፍ «ተጨማሪ አስተያየት፦ የለም» ይላል።